አንድ ባልዲ፣ ሦስት ተፋሰስ፦ የመዝናኛ ዓሣ ማጥመድና መጤ ዓሦች በምዕራብ ሸዋ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ሲያልፍ ሦስት የወንዝ ተፋሰሶችን ተራ በተራ ያገኛል። በጊንጪ አካባቢ ካለው ከፍተኛ ምድር የሚነሡት ምንጮች ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አምቦን የሚያቋርጠው ሁሉቃና በጉደር ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የጉደር ወንዝ ለአባይ ይገብራሉ። በባኮ አቅራቢያ የሚያልፈው ግቤ ደግሞ ወደ ኦሞ፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ሐይቅ ያመራል። አዋሽ በአፋር ምድር ሲቀር የአባይ ውኃ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለው ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ በመሆኑ በመኪና የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በውኃ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ ግን ይህ መንገድ ፈጽሞ የተዘጋ ነው፤ ሊከፍትለት የሚችለው በባልዲ ይዞት የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

ከዞኑ በስተደቡብ ይህ ቅርበት ይበልጥ ይጠብባል። የደንዲና የወንጪ ሐይቆች ሁለቱም ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውኃ ናቸው። ጎረቤታሞች ቢሆኑም ከደንዲ የሚወጣው ውኃ በሁሉቃና በጉደር በኩል አባይን ሲቀላቀል፣ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ከሚገኘው ከወንጪ የሚወጣው ደግሞ በዋልጋ ወንዝ አድርጎ ወደ ግቤና ኦሞ ይፈስሳል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል፤ በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብርም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር የልማት ቦታ ሆኗል። ጎብኚ በሚበዛበት የውኃ ዳርቻ የመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ደግሞ «የትኛው ዓሣ ይጠመድ?» የሚለው ውሳኔ የአንድ ሐይቅ ወይም የአንድ ሎጅ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ በዓለም እጅግ ከታወቀው የመዝናኛ ዓሣ፣ ከባስ፣ ታሪክ በመነሣት ለምዕራብ ሸዋ ውኆች የሚበጀውን መንገድ ይመረምራል።

ባስ እና የመዝናኛ ማጥመድ ባህል

ባስ በሚል ስም የሚጠሩ ዓሦች ብዙ ናቸው። በጣፋጭ ውኃ አጥማጆች ዘንድ ስሙ ሲነሣ ግን በቅድሚያ የሚታሰበው አፈ ሰፊው ባስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ማይክሮፕቴረስ ሳልሞይደስ፣ ነው። የትውልድ ቦታው ከደቡባዊ ካናዳ እስከ ሰሜናዊ ሜክሲኮ የሚዘልቀው የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። አድፍጦ የሚያድን ሥጋ በል ሲሆን ትናንሽ ዓሦችን፣ እንቁራሪቶችንና የውኃ ነፍሳትን ይመገባል። በመራቢያው ወቅት ወንዱ በጥልቀት አልባው ዳርቻ ጎጆ ቆፍሮ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን ይጠብቃል። ይህ የጥበቃ ጠባይ አዲስ ውኃ ውስጥ በገባ ጊዜ ለመስፋፋት ትልቅ ብልጫ ይሰጠዋል።

ጄምስ ሄንሻል የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 ስለዚህ ዓሣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ባስ የአጥማጆች መነጋገሪያ እየሆነ መጣ። ሬይ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሶ ታላቅ የባስ ማጥመድ ውድድር አዘጋጀ፤ በማግሥቱ ዓመት የአጥማጆች ማኅበር አቋቋመ፤ ከ1972 ጀምሮም በውድድር የተያዘ ዓሣ ከነሕይወቱ ወደ ውኃው እንዲመለስ አደረገ። በዚህ መንገድ «ይዞ መልቀቅ» የሚባለው ልማድ ከመዝናኛ ማጥመድ መለያዎች አንዱ ሆነ። አጥማጁ የሚፈልገው ሥጋውን ሳይሆን ትግሉን ነውና ዓሣው ነገም ይጠመዳል።

ይህ ልማድ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። የባስ የክብደት ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በጆርጅ ፔሪ በተያዘ 10.09 ኪሎ ግራም ዓሣ ተመዘገበ። ከ77 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ማናቡ ኩሪታ በጃፓኑ የቢዋ ሐይቅ 10.12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባስ ይዞ ክብረ ወሰኑን ተጋራ። ይሁን እንጂ ባስ ለጃፓን መጤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሺ ሐይቅ ተለቆ ከዚያ ወደ ሌሎች ውኆች ተዳርሷል። ከ2005 ጀምሮ የጸናው የአገሪቱ የመጤ ዝርያዎች ሕግ ባስን ከነሕይወቱ ማጓጓዝን ይከለክላል፤ ቢዋ በሚገኝበት በሺጋ አውራጃ ደግሞ የተያዘ ባስ ወደ ሐይቁ እንዳይመለስ ደንብ ወጥቷል። በትውልድ ቦታው ዓሣውን መልቀቅ ጥበቃ ሲሆን በመጤነት በሚኖርበት ውኃ ግን ያው ድርጊት ጥፋትን ማራዘም ይሆናል። የመዝናኛ ማጥመድ ሥነ ምግባር የሚለካው በድርጊቱ ብቻ ሳይሆን ዓሣው ለዚያ ውኃ ባለው ነባርነት ጭምር ነው።

መሣሪያው እና አሠራሩ

የባስ ማጥመጃ መሣሪያ የተቀረጸው በዓሣው ጠባይ ነው። ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ነው። ቀድሞ ከቀርከሃ ይሠራ የነበረው ዛሬ ከፋይበር ግላስና ከካርቦን ይሠራል። የክር ማጠንጠኛው (ሪል) ክሩን ከመጠቅለል ሌላ ዓሣው በኃይል ሲጎትት በመጠኑ የሚለቅ ፍሬን አለው፤ ይህም ቀጭን ክር ሳይበጠስ ትልቅ ዓሣ ለመያዝ ያስችላል። ክሩ ናይለን ወይም የተገመደ ሰው ሠራሽ ጭረት ነው። ባስ በአረምና በወደቀ ግንድ ሥር ስለሚያደፍጥ አጥማጁ ጠንካራ ክርና አረም የማይይዘው መንጠቆ ይመርጣል። በመንጠቆው ላይ የሚሰካው ደግሞ የትንሽ ዓሣ፣ የትል ወይም የእንቁራሪት መልክ ያለው ማባበያ ነው፤ በውኃው ውስጥ ሲጎተት እንቅስቃሴው አዳኙን ያታልለዋል።

ይህ መሣሪያ ከባስ ጋር የተወለደ ቢሆንም ለባስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ያው ዘንግ፣ ያው ማጠንጠኛና ያው ማባበያ በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ናይል ፐርችን፣ በሌሎች ውኆችም አምባዛን ይይዛል። ስለዚህ መሣሪያውን ማስገባት ዓሣውን ማስገባትን አይጠይቅም።

መንጠቆ ከሌሎች ማጥመጃዎች ጋር ሲነጻጸር መራጭ ነው። መረብ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። በኢትዮጵያ ወንዞች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የብርብራ ፍሬ ዱቄት ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ በአንድነት ያደነዝዛል። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ግን አንድ በአንድ ይታያል፤ ይለካል፤ ሊለቀቅም ይችላል። ለመልቀቅ የታሰበ ከሆነ በመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ሹል ጥርስ በጉጠት ማጠፍ ቁስሉን ይቀንሳል። ዓሣውን በእርጥብ እጅ መያዝም ቆዳውን የሚሸፍነውን መከላከያ ልጋግ ያተርፍለታል።

በምዕራብ ሸዋ ከፍታ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሊሟሟበት ይችላል። አየሩ በሳሳበት በአምቦ ከፍታ፣ በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ይህ መጠን ወደ 7 ይወርዳል፤ በደንዲና በወንጪ ከፍታ ደግሞ ወደ 6.4 ይጠጋል። ሲታገል የደከመ ዓሣ ኃይሉን የሚመልሰው በዚህ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ በቆላ ሐይቅ ያለ ችግር የሚለቀቅ ዓሣ በደጋ ሐይቅ ሊሞት ይችላል። በደጋ ውኃ እጅግ ቀጭን ክር ይዞ ዓሣውን ለረዥም ጊዜ ማታገል ስፖርት ቢመስልም ዋጋው ይከብዳል። ትግሉን ማሳጠርና ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀል ይመረጣል።

የናይቫሻ እና የአቲትላን ትምህርት

ባስ ወደ አፍሪካ የመጣው ለመዝናኛ ሲባል ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1928 ገባ፤ በኬንያው የናይቫሻ ሐይቅም በ1920ዎቹ መጨረሻ ተለቀቀ። ናይቫሻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,890 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በከፍታው ከአምቦ ብዙም አይርቅም። ባስ መራባት የሚጀምረው ውኃው ወደ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ በመሆኑ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ብርድ አላገደውም። ወደ አባይ ሸለቆ በወረደ ቁጥር እየሞቀ የሚሄደው የጉደር ወንዝም አያግደውም።

በናይቫሻ ባስ ከመግባቱ በፊት በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኝ አንድ ትንሽ ዓሣ ይኖር ነበር፤ ከ1962 ወዲህ አልታየም። በጊዜ ብዛት ሌሎች መጤዎች ተደራረቡ፦ የተለያዩ የቆሮሶ ዝርያዎች፣ በ1970 የገባው ቀይ የአሜሪካ ክሬይፊሽ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ካርፕ። ክሬይፊሹ በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ተክል ሲያጠፋ የባስ ዋና ምግብም ሆነ፤ ካርፕ ደግሞ ከገባ ከአሥር ዓመት በኋላ የሐይቁን ምርት አብዛኛውን እጅ ያዘ። ለአጥማጆች ደስታ የተጀመረው ለውጥ በመጨረሻ አጥማጆች ያላሰቡትን ሐይቅ ፈጠረ።

በጓቲማላ የአቲትላን ሐይቅ ነገሩ ወደ ወፍ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባስ የተለቀቀው የስፖርት አጥማጅ ቱሪስቶችን ለመሳብ ነበር። በዓለም ላይ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖር የነበረው መብረር የማይችል የአቲትላን ጠላቂ ወፍ ምግቡን ከባስ ጋር መሻማት ግድ ሆነበት፤ ጫጩቶቹም ለባስ ተጋለጡ። የሸንበቆ መቆረጥና ሌሎች ምክንያቶች ተጨምረውበት ወፉ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ጠፋ። አቲትላን እንደ ወንጪና እንደ ደንዲ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ የደጋ ሐይቅ ነው፤ ባስን ወደዚያ ያመጣውም የቱሪዝም ተስፋ ነበር። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ባስ፣ ቀስተ ደመና ትራውት፣ ቡናማ ትራውት፣ ካርፕና ናይል ፐርች ይገኛሉ። ከአምስቱ አብዛኞቹ በመንጠቆ አጥማጆች ዘንድ የሚወደዱ መሆናቸው ድንገተኛ አይደለም፤ ለአጥማጅ የሚያስደስተው ጥንካሬና አዳኝነት ለነባሩ ዓሣ አደጋ ነውና።

የኢትዮጵያ ልምድ

ኢትዮጵያ መጤ ዓሦችን የተቀበለችው በልዩ ልዩ ዓላማ ነው። ሽብሩ ተድላና ፍስሐ ኃይለ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ዓሦች ከውጭ መግባትና ከውኃ ወደ ውኃ መዛወር ያወጡት ጽሑፍ በዚህ ረገድ መነሻ ነው። ካርፕ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለምግብ መጥቶ በአባ ሳሙኤል ተለቀቀ፤ ዛሬ በቆቃ ሐይቅ «ዱባ» በሚል ስም የአጥማጆች መተዳደሪያ ነው። ጋምቡዚያ የተባለችው ትንሽ ዓሣ የወባ ትንኝ እጭ እንድትበላ ታስባ ገባች። ለመዝናኛ ሲባል የገቡት ደግሞ ትራውቶች ናቸው፤ ቀስተ ደመናና ቡናማ ትራውት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥተው እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቁ። በዲንሾ አካባቢ የትራውት ማጥመድ እስከ ዛሬ የጎብኚዎች መስሕብ ነው።

ከውጭ ከገቡት ሌላ በአገር ውስጥ የተዛወሩም አሉ። በወንጪ የሚጠመደው ቆሮሶ በሰው እጅ የተለቀቀ ነው። የዝዋይ ሐይቅ አምባዛም እንዲሁ በሰው ምክንያት ገብቶ የተራባ ነው። በወሎ የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተለቀቀ በኋላ ጥርት ያለው ውኃ በአልጌ አረንጓዴ እየሆነ ሲመጣ ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የዓሣው መግባት ነው። ዓሣው አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት ሲቀንስ አልጌው ይበዛል። ይህ ምሳሌ «የኢትዮጵያ ዓሣ ለኢትዮጵያ ውኃ መጤ አይሆንም» የሚለውን ግምት ያፈርሳል። ለውኃ ወሰኑ ተፋሰስ እንጂ የአገር ድንበር አይደለም።

ይህን መለየት የናይል ፐርች ታሪክም ያግዛል። ናይል ፐርች በጫሞ፣ በኦሞና በባሮ ነባር ነው፤ በእነዚህ ውኆች ከሚበላቸው ዓሦች ጋር ለረዥም ዘመን አብሮ ኖሯል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በገባ ጊዜ ግን በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ በርካታ የዓሣ ዝርያዎች እንዲጠፉ ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። ዓሣው ያው ሆኖ ሳለ ውኃው ሲለወጥ ውጤቱም ተለወጠ።

ነባሩ አማራጭ

በጉደር ወንዝና በገባሮቹ ከሚገኙት ነባር ዓሦች መካከል የላቤዮባርበስ ወገን ዓሦችና በአፋቸው ሥር ባለ ጠፍጣፋ ክፍል ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ትናንሾቹ ጋራዎች ይገኙበታል። ላቤዮባርበስ በጣና «ነጭ ዓሣ»፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች «ቢልጫ» በመባል ይታወቃል። በፈጣን ውኃ ለመዋኘት የተበጀ፣ ጡንቻው የጠነከረ፣ ክር የሚያስጮህ ዓሣ ነው። በጣና ሐይቅ ካሉት 15 ገደማ ትላልቅ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ከዚህ ወገን እንዲህ ያለ የአዳኞች ስብስብ መገኘቱ በሳይንስ ዓለም የታወቀ ድንቅ ነው።

በደቡብ አፍሪካ የቫልና የኦሬንጅ ወንዞች የሚኖሩት፣ በእንግሊዝኛ «ቢጫ ዓሣ» የሚባሉት ዝርያዎች የዚሁ ወገን አባላት ናቸው። ለረዥም ጊዜ ትራውትንና ባስን ሲያሳድዱ የኖሩ አጥማጆች ወደ እነዚህ ነባር ዓሦች ፊታቸውን አዙረዋል፤ ይዞ መልቀቅም በእነርሱ ዘንድ ሥር ሰድዷል። የጉደር አጥማጅ የሚጀምረው ከባዶ አይደለም፤ የዓሣው ዘመድ በሌላ አገር ስፖርትነቱን አስመስክሯል።

ይህ አማራጭ የራሱ ገደብ አለው። የጣና ላቤዮባርበሶች አብዛኞቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቁጥራቸው ክፉኛ ያሽቆለቆለው መረብ በዚሁ የመራቢያ ጉዞ ላይ ስለተዘረጋባቸው ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት መንጠቆም ቢሆን ማረፍ ይኖርበታል። ወንዙ በክረምት ደፍርሶ ማባበያ ስለማይታይበት አጥማጁ በዚህ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ገደብ የዘረመል ነው፤ በአባይ፣ በአዋሽና በኦሞ የሚኖሩ ላቤዮባርበሶች በመልክ ቢመሳሰሉም ለረዥም ዘመን ተለያይተው የኖሩ ናቸው። የጉደርን ዓሣ ወደ አዋሽ መውሰድ አንዱን ከሌላው አደባልቆ ልዩነታቸውን ማጥፋት ነው።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያጸደቀችው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት በአንቀጽ 8(ሸ) አባል አገሮች ሥነ ምኅዳርን የሚያሰጉ መጤ ዝርያዎችን ከመግባት እንዲከላከሉ፣ የገቡትንም እንዲቆጣጠሩ ወይም እንዲያስወግዱ ይጠይቃል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ለዘርፉ አገራዊ መሠረት ነው። ሕግ ግን በሐይቅ ዳር በሌሊት የሚገለበጥን ባልዲ አያይም። ከባድ መረብ ወይም ፋብሪካ የሚያደርሰው ጉዳት ሥራው ሲቆም ሊቀንስ ይችላል፤ በሰፊ ውኃ የተራባን ዓሣ ግን መልሶ ማውጣት ከሞላ ጎደል አይቻልም። በሁሉቃ የተለቀቀ አዳኝ ዓሣ ወራጁን ተከትሎ ጉደርን፣ አባይን፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የያዘውን ሐይቅ፣ ከዚያም ጎረቤት አገሮችን ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ ለአካባቢው የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ መሣሪያው ከየትም ይምጣ፣ ዓሣው ግን የዚያው ውኃ ይሁን። ሕያው ዓሣ ለመንጠቆ ምግብነት ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው አይወሰድ፤ የተረፈው የምድር ትልም ሆነ ሌላ ማጥመጃ ምግብ በውኃው ውስጥ አይደፋ። ጀልባ፣ መረብና ጫማ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት ይታጠቡ፤ ፀሐይም ይድረቁ። የእምቦጭ አረም እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ከታየ በኋላ በ2011 ጣና መድረሱ ውኃ ወለድ ዝርያ መጓጓዣ ካገኘ ርቀት እንደማያቆመው ያሳያል። በመጤነት የሚኖር ዓሣ በተያዘ ጊዜ ለማዕድ ይዋል እንጂ ወደ አዲስ ውኃ አይዛወር።

ለተመራማሪዎች የሚቀርበው ሥራም ግልጽ ነው። ማንኛውም የመዝናኛ ማጥመድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የውኃው ነባር ዓሦች ዝርዝር፣ የዓመቱ የሙቀትና የኦክስጅን መጠን፣ የዓሦቹ የመራቢያ ቦታና ጊዜ መታወቅ አለባቸው። የሰበታው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል ልምድ፣ ከወንዙ አጠገብ ያለው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የጉደር ማሞ መዝምር ካምፓስ ቅርበት፣ የአጥማጆችም የዕለት መዝገብ ለዚህ ሥራ ሊቀናጁ ይችላሉ። እያንዳንዱ አጥማጅ የያዘውን ዓሣ ዓይነት፣ ርዝመትና ቦታ ቢመዘግብ መዝናኛው ራሱ የክትትል መረብ ይሆናል፤ እንግዳ ዓሣ በሁሉቃ ወይም በደንዲ በታየ ዕለትም፣ ከመራባቱ በፊት፣ የሚያየው ሰው ይኖራል።